ካራ፦ በሐርባ ገደል ማዶ የተጮኸች ቃል

አስተዋይና ምሁር አንባቢ ሆይ፣ ለአዳም ልጆች ከተሰጡት ሀብታት ሁሉ ቃልን የሚያህል ክቡር፣ ቃልንም የሚያህል አሳች እንዳልተገኘ ልብ በል። ወርቅ በየትም አገር ወርቅ ነው፣ እሳትም በየትም አገር ያቃጥላል፤ ቃል ግን ከአፍ እንደ ወጣ፣ ድምፁ ሳይለወጥ ፊደሉም ሳይጎድል፣ ወንዝ በተሻገረ ጊዜ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ይገኛል፤ በዚህ ዳር ልመና የነበረው በዚያ ዳር ዛቻ፣ በዚህ ዳር ሠርግ የነበረው በዚያ ዳር ልቅሶ ይሆናል። ከቃላት አንዳንዶቹ ከአንዲት እናት ተወልደው በየአሕጉሩ የተበተኑ ወንድማማች ናቸውና ቢገናኙ ይተዋወቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ዘርም ሥርም ሳያገናኛቸው መልካቸው ብቻ የተመሳሰለ ባዕዳን ናቸው፤ መልካቸውን አይቶ «ዘመዴ ነው» ብሎ በሩን የሚከፍት ወይም የሚዘጋ ሰው፣ የከፈተውም የዘጋውም በገዛ ነፍሱ ላይ ነው። ከእነዚህ መልከ መንትዮች በአንዲቱ ምክንያት በሐርባ ወንዝ ዳርቻ የወረደውን መዓት፣ የአንድን ሊቅ ውድቀትና የአንድን መንደር ጥፋት፣ እንደ ሆነው አድርጌ እተርክልሃለሁ።

በመሳፍንት ዘመን ማብቂያ ከሐርባ ወዲህ ያለውን ደጋ ደጃዝማች ድልነሣሁ የተባለ ቍጡ ነገር ግን ፈራሄ እግዚአብሔር መስፍን ሲገዛ፣ በግቢው መምህር አምኃ ኢየሱስ የሚባል፣ ዕድሜው ስድሳን የተሻገረ፣ ጢሙ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ድምፁ እንደ ደወል የጠራ የመጻሕፍት ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው በትርጓሜ ቤት አቻ አልነበረውም፤ አንዲትን ቃል ከብራና ላይ ነቅሶ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያለ በስድስትና በሰባት መንገድ ሲያመጣት፣ ደቀ መዛሙርቱ ረኃባቸውን ረስተው ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ይሰሙት ነበር። ሆኖም የሊቅነቱ ብርሃን ጥላ አልታጣበትም፤ በብራና ያልተጻፈውን ልሳን ሁሉ «የነፋስ ልሳን» እያለ ይንቅ ነበር። አመተ ጽዮን የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው፤ እናቷ በወሊድ ስለ ሞተች በእቅፉ ይዞ ፊደል አስቆጥሮ፣ ዳዊት አስደግሞ ያሳደጋት የዓይኑ ብሌን ነበረች። እርሷ ግን በሃያ ዓመቷ ገመዳ የሚባል፣ ከወንዙ ማዶ ማር እያመጣ በአስተርጓሚ የሚነግድ ጨዋ ሰው ወድዳ፣ ኦሮምኛ ወደሚነገርበት ወደ ባሏ አገር በተሻገረች ጊዜ አባቷ በሠርጓ ላይ አልተገኘም። በየዓመቱ በጥቅምት የምትልክለትን ነጭ ማር ሳይቀምስ ለተማሪዎቹ ያድለው ነበር፤ ሲምቦ የምትባል የልጅ ልጅ እንደ ተወለደችለት በነገሩት ዕለትም፣ የቃላት ሁሉ መርማሪ የነበረው ያ ሰው፣ «ስሟ ምን ማለት ነው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

አመተ ጽዮን የገባችበት መንደር ጡሌ ይባል ነበር። ከጀርባው ሰማይ ጠቀስ ገደል ቆሞበት፣ ከፊቱ የሐርባ አዘቅት ተከፍቶበት፣ በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ሁለት መቶ የሚሆን ነፍስ ያለበት መንደር ነው፤ መግቢያውና መውጫውም ከበሬ ጠፍርና ከሐረግ የተገመደ አንድ ተንጠልጣይ ድልድይ ብቻ ነበር። በሐምሌ ወር ፈንጣጣ ወደ መንደሩ ገባ። ደጃዝማችም ወገኖቹን ከመቅሠፍቱ ለመጠበቅ ሲል «ማንም ወዲህ አይሻገር፣ ማንም ወዲያ አይሂድ፤ እህል ግን በየሳምንቱ ከድልድዩ መካከል ይቀመጥላቸው» ብሎ አዋጅ አስነገረ፣ በድልድዩም አፍ ከሩቅ አገር የመጡ ወታደሮችን በባሻ ጓንጉል አለቅነት አቆመ። ሁለቱን ልሳናት አጣርቶ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አስተርጓሚ ከወታደሮቹ ጋር ነበረ፤ ነገር ግን በነሐሴ መባቻ ንዳድ ይዞት በሦስት ቀን ሞተ። ማዶ ያሉት መሞቱን አልሰሙም፤ ወዲህ ያሉትም በእርሱ ፈንታ ሌላ ሰው ለመተካት አላሰቡም።

በፍልሰታ ጾም በስድስተኛው ቀን፣ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ ሳያባራ ዘንቦ ጥቂት ጋብ ባለበት በረፋዱ፣ የጡሌ ሰዎች ቤታቸውን ባዶ ጥለው ወደ ገደሉ አፋፍ ወረዱ። ወንዶቹ መጥረቢያና ቆንጨራ ጨብጠው፣ ሴቶቹ ጓዛቸውን አዝለው፣ ሕመምተኞቹም በቃሬዛ ተይዘው ነበር። እጃቸውን እያወናጨፉ አንድ ላይ ይጮኹ ጀመር፤ ነገር ግን ሐርባ ሞልቶ እንደ አንበሳ ያገሣ ስለ ነበረ፣ ከጩኸታቸው ሁሉ ያንን ግሣት ሰንጥቃ ወዲህ ዳር የደረሰችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እርሷም «ካራ! ካራ! ካራ!» የምትል ነበረች። በአማርኛ ካራ ስለታም ቢላዋ፣ በግ የሚታረድበት፣ ሰውም በክፉ ቀን የሚታረድበት መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? አራት ጎረምሶች መጥረቢያቸውን እንደ ያዙ ድልድዩን በረገጡ ጊዜ ወታደሮቹ ወደ ሰማይ ተኰሱና መለሷቸው፤ ባሻ ጓንጉልም በቅሎውን ኮርኩሮ ወደ ደጃዝማች ግቢ ገሠገሠ።

ደጃዝማች ድልነሣሁ ከመኳንንቱ ጋር በአዳራሹ ተቀምጦ ሳለ ባሻው ገብቶ እጅ ነሣና «ጌታዬ፣ ማዶኞቹ ሸፍተዋል፤ መሣሪያ ይዘው ወርደው 'ካራ፣ ካራ' እያሉ ይዝቱብናል፤ በእርግጥ ሊያርዱን ነው» አለ። ከመኳንንቱ አንድ አረጋዊ ተነሥቶ «ልሳናቸውን የሚያውቅ ሰው ይፈለግና ይጠየቅ፤ ችኮላ ጸጸትን ይወልዳል» ቢልም፣ ደጃዝማች ፊቱን ወደ መምህሩ መለሰና «መምህር፣ እርስዎ የቃል ዳኛ ነዎት። ይህችን ጩኸት ምን ይሏታል?» ሲል ጠየቀው። በዚያች ቅጽበት መምህር አምኃ ኢየሱስ «አላውቅም» ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈም ነበር። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ «አላውቅም» የምትለውን ቃል ለአንደበቱ አላስለመዳትም፤ ከልቡም ሥር ልጁን የነጠቀችው ያቺ ማዶ እንደ እሾኽ ተሰክታበት ነበር። ስለዚህ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «የነፋስን ልሳን ለመስማት ምን አስተርጓሚ ያሻል? ካራ ካራ ነው። ሥሩም ከረየ ነው፤ ከረየ ማለት ቆፈረ ነውና፣ ካራ ሥጋን ቆፍሮ ነፍስን የሚያወጣ ብረት ነው። ሰው የሚያስበውን ይጮኻል፤ እነዚህም ያሰቡትን ጮኹ» አለ። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሰባት ፍቺ የሚያወጣው ሊቅ በዚያን ዕለት «አንድም» ሳይል ተቀመጠ። መኳንንቱ በጥበቡ ተደነቁ፤ ደጃዝማችም የሐር ካባ አልብሶት ሲያበቃ ወደ ባሻ ጓንጉል ዞሮ «ድልድዩን ቁረጡት» አለ።

ድልድዩ በማግስቱ ማለዳ ተቆረጠ። ሁለት ወታደሮች በመጥረቢያ ጠፍሩን ሲመቱት የጡሌ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠግኑላቸው መስሏቸው እልል አሉ፤ ገመዱ ተበጥሶ ድልድዩ ወደ ማዶው ግድግዳ ተወርውሮ እንደ ተገፈፈ ቆዳ በተንጠለጠለ ጊዜ ግን፣ ባሻው በኋላ እንደ ተናገረው፣ እልልታው በአፋቸው ላይ እንዳለ ደረቀ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማ ድምፅ የወንዙ ብቻ ነበር። መምህር አምኃ ኢየሱስ ይህን ሲነግሩት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለ። ሆኖም በዚያው ቀን በቅዳሴ ላይ ቆሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲለው የኖረውን ጸሎት ሲያደርስ ምላሱ ተደናቀፈ፤ ልጁ በመቃብር አፍ ቆማ የምታየው መሰለውና ዓይኑን ጨፈነ፣ «እህል አላቸው፣ ጎተራቸው ሙሉ ነው» እያለም ራሱን ሲያባብል ዋለ።

ከድልድዩ መቆረጥ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዶፍ ዝናብ ያዘውና በግቢው ዳር ካለች የጠመንጃ መጠገኛ ጎጆ ውስጥ ተጠለለ። በዚያች ጎጆ ኡስታ ቃሲም የሚባል፣ ከቱርክ አገር መጥቶ በደጃዝማች ቤት አሥር ዓመት የተቀመጠ፣ አማርኛን ቀስ እያለ ነገር ግን አስተካክሎ የሚናገር ባለ እጅ ይሠራ ነበር። ኡስታው የያዘውን ብረት አስቀምጦ በርጩማውን ለመምህሩ ለቀቀና «መምህር፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። እነዚያ የማዶ ሰዎች ስለ ምን 'ጥቁር፣ ጥቁር' ብለው ጮኹ?» አለው። መምህሩ «ጥቁር ያለ የለም፤ ካራ ነው ያሉት» ቢለው፣ ኡስታ ቃሲም «አዎን፣ ካራ። በእኔ አገር ካራ ማለት ጥቁር ነው። የመከራን ቀን 'ካራ ጉን' እንላለን፣ ጥቁር ቀን ማለታችን ነው። ወታደሮቹ ሲያወሩ ስሰማ፣ አይ ሞት በዝቶባቸው ያለቅሳሉ ብዬ አዘንሁ» አለ። መምህር አምኃ ኢየሱስ በዚህ ነገር ከልቡ ሳቀና «ወዳጄ፣ የጡሌ ሰዎች ቱርክኛ ከየት ያውቃሉ?» አለው። ኡስታ ቃሲምም ምንም ተንኰል ሳያስብ፣ ብረቱን መልሶ እያነሣ፣ «አማርኛስ ከየት ያውቃሉ?» አለ።

ሳቁ በመምህሩ ፊት ላይ እንዳለ ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ «እግዚኦ» አለና ዝናቡ ሳያባራ፣ ጫማውን በጭቃው ውስጥ ጥሎ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ። ሊቁ በዚያ ቤት ደጃፍ ቆሞ አያውቅም ነበርና እህል የሚፈጩት ሴቶች ደንግጠው ተነሡ። ከእነርሱም አንዷ፣ ዳምቱ የምትባል፣ ከሐርባ ማዶ ተወልዳ በግቢው ዘጠኝ ዓመት የፈጨች፣ ክንዷ የጠነከረ ዓይኗ የረጋ መበለት ነበረች። መምህሩ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «አንቺ ሴት፣ በእናንተ ልሳን ካራ ምንድን ነው?» አላት። እርሷም መጁን እንደ ያዘች «መንገድ ነው፣ አባቴ» አለችው። «ሌላስ? ሌላ ፍቺ የለውም? ቢላዋ አይደለም?» አለ እንደሚለምን ሰው። «ቢላዋ ሌላ ስም አለው። ካራ መንገድ ነው። 'ካራ ኑፍ በና' ቢሉ 'መንገድ ክፈቱልን' ማለት ነው።» መምህሩ የበሩን መቃን ያዘና «ታዲያ ስለ ምን ዝም አልሽ?» አላት። ዳምቱም «እኛ ወፍጮ ቤት ያለን የምንሰማው 'ሸፈቱ፣ ድልድዩ ተቆረጠ' ሲባል ብቻ ነው፤ ምን ብለው እንደ ጮኹ ማን ነገረን? ማንስ ጠየቀኝ፣ አባቴ?» አለችው።

እንግዲህ ያ ሰው የሐር ካባውን ከትከሻው አውልቆ፣ ጭቃ በጭቃ እንደ ሆነ፣ በደጃዝማች እግር ሥር በግንባሩ ተደፋ። «ጌታዬ ሆይ፣ ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አድርጌ ተናገርሁ፤ 'መንገድ' ብለው ቢለምኑን መንገዳቸውን አስቆረጥሁባቸው። የሰው ደም በአንገቴ ነው፤ የገዛ ልጄም ከእነርሱ ጋር ናት» አለ። ደጃዝማች ድልነሣሁ ነገሩን ከዳምቱ አፍ ዳግመኛ ሰምቶ ከተረዳ በኋላ አልተቆጣም፤ ያ ቍጡ ሰው ያን ጊዜ ቢቆጣ በቀለለ ነበር። «መምህር፣ በመጽሐፍ ላይ ለአንዲት ቃል ሰባት ፍቺ ሲሰጡ ሰምቼዎታለሁ። ለሁለት መቶ ነፍስ ግን አንድ ብቻ ሰጡኝ» አለ። ቀጥሎም «እኔም ሁለተኛ ሰው ሳልጠይቅ ፈረድሁ፤ ስለዚህ ልቀጣዎ አይቻለኝም። ይነሡ። ሰው፣ ገመድ፣ ጠፍር፣ ያለኝን ሁሉ ይውሰዱ። የሚሻገሩትም ፈንጣጣው እስኪያልፍ በወንዙ ዳር ለብቻቸው ድንኳን ይተከልላቸው» ብሎ አዘዘ።

መምህር አምኃ ኢየሱስ የተዘጋጀለትን በቅሎ ሳይጠብቅ ቀድሞ ወደ ገደሉ ወረደ። ማዶ የጡሌ ሰዎች ሜዳው ላይ እንደ ተዘራ ድንጋይ ተበታትነው ተቀምጠው ነበር፤ የሚጮኽ አንድ ስንኳ አልነበረም። ይቅርታ ሊለምናቸው ፈለገ፣ ልጁን በስሟ ሊጠራት ፈለገ፣ እንረዳችኋለን ሊላቸው ፈለገ፤ የመጻሕፍት ባሕር የተባለው ያ ሊቅ ግን ከልሳናቸው የነበረው አንዲት ቃል ብቻ ነበረችና፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በዚያ በጠራ ድምፁ «ካራ! ካራ!» ብሎ ጮኸ። ሰዎቹም ሰሙት። ሕመምተኛው በጤነኛው ትከሻ ተደግፎ ተነሣ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እያዘሉ ሮጡ፣ «መንገድ አለ» ተብለዋልና ድልድዩ ወደ ነበረበት አፋፍ ተጋፍተው ደረሱ፤ ደርሰውም ባዶውን አየር አዩ፣ ከዚያም እርሱን አዩት። መምህሩ እጁን እንደ ዘረጋ በጉልበቱ ወደቀ። የመንገድን ስም ተማረና ተናገረ፤ መንገዱ ግን አልነበረም።

ዳምቱ ከወታደሮቹና ከኡስታ ቃሲም ጋር በደረሰች ጊዜ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታጠቀችና፣ በልጅነቷ ከጋራ ወደ ጋራ ስትጣራበት በነበረው ቀጭንና ረጅም ድምፅ ማዶኞቹን ተጣራች። ቃሏ የወንዙን ግሣት እንደ ወስፌ በሳው። ከማዶም አንድ ሰው እጁን በአፉ ዙሪያ ከብቦ መለሰላት፤ እርሷም የሰማችውን ለመምህሩና ለባሻው ነገረች። ከመንደሩ ጀርባ ያለው ገደል በዝናቡ ብዛት ተሰንጥቋል፤ በመጀመሪያው ቀን ስንጥቁ እጅ ያስገባ ነበር፣ ዛሬ ሰው ያስገባል፤ ማታ ማታ ያቃስታል፣ ድንጋይም ይወረውራል። መንገድ ሲሉ የለመኑት ከፈንጣጣው ለመሸሽ ሳይሆን ተራራው ሳይወድቅባቸው ለመውጣት ነበር፤ መጥረቢያውንም የያዙት ወዲህ ዳር ጎጆ የሚሠሩበት እንጨት ለመቍረጥ ነበር። መምህሩ የዳምቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ «አመተ ጽዮን በሕይወት አለች እንዴ? ጠይቂልኝ፣ እኅቴ» አላት። ዳምቱ ጠየቀች፤ ሰውየውም ረዘም አድርጎ መለሰ። «አለች፤ ነገር ግን ትኵሳቱ ከመሬት ጥሏታል፣ ራሷን አታውቅም፤ አማርኛ የምትጮኽልን እርሷ ነበረች፣ እርሷ ከወደቀች በኋላ በአፋችን ጮኽን ይላል» አለችው። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሚናገረው ባሏ ገመዳ ነው፣ አባቴ» አለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሁለቱም ዳር እንደ ጉንዳን ተሠራ። የግቢው ሴቶች ድርና ፈትላቸውን አምጥተው በሦስት በሦስት አክርረው ረጅምና ጽኑ ክር አደረጉ፤ ኡስታ ቃሲምም ባሩድ የሚጎሰምበትን የብረት ዘንግ ከክሩ ጋር አስሮ በጠመንጃው አፍ ከተተና ወደ ማዶ ተኰሰ። የመጀመሪያው ከመሃል ወርዶ ወንዙ ዋጠው፤ ሁለተኛው ከገደሉ ግድግዳ ተላትሞ ክሩ ተበጠሰ፤ ሦስተኛው ግን ከአፋፉ በላይ አልፎ በሣር መካከል ወደቀና ገመዳ በደረቱ ተኝቶበት ያዘው። በክሩ ሲባጎ፣ በሲባጎው ጠፍር፣ በጠፍሩም ሁለት ወፍራም ገመድ ተሳበ፤ በማግስቱ ንጋት ሰውን የሚይዝ ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት በገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ወይም ከሁለት ሕፃናት በላይ አይይዝም ነበር፤ አንዱን ለማሻገርም ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበር። መምህር አምኃ ኢየሱስ ብዕር እንጂ ሌላ ያልለመደውን እጁን ከወታደሮቹ እጅ ጋር አድርጎ ገመዱን ሳበ፤ መዳፉ ተልጦ ገመዱ በደሙ ቢቀላም «ይረፉ» ያለውን ሁሉ አልሰማም። ልጆች አስቀድመው ተሻገሩ፤ በየቅርጫቱ ውስጥ የሚደርሰውን እያንዳንዱን ፊት እያየ ልጁን ይፈልግ ነበር፣ ልጁ ግን አልነበረችም።

ፀሐይ ከመሃል ሰማይ ስትደርስ ገመዳ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ በቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጦ በነጠላ አሰራትና ወደዚህ ዳር ጮኸ። ዳምቱም «'አባቴ፣ ሲምቦን ተቀበሉኝ፤ እናቷን በጀርባዬ አዝዬ እመጣለሁ' ይላል» ብላ አስተረጐመች። ገመዳ መምህሩን «አባቴ» ብሎ ሲጠራው ያ የመጀመሪያው ነበር። ልጅቷ ተሻገረች፤ ፈንጣጣው ነካክቶ ያለፈው ትንሽ ፊቷ የአመተ ጽዮን ፊት ነበር፤ መምህሩም ገመዱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ በደማ እጁ አቀፋት። ቅርጫቱ ባዶውን ተመለሰ። ገመዳ ከቤቱ ወጥቶ፣ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለች ሴት በጀርባው አዝሎ፣ ከመንደሩ ወደ አፋፉ የሚያወርደውን ቁልቁለት ሲጀምር ከዚህ ዳር ታየ፤ መምህሩም «እርሷ ናት» ብሎ ብድግ አለ። ያን ጊዜ ከገደሉ አናት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ተራራው በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ተኝቶ የነበረ ሰው እንደሚነሣ ከሥሩ ተነቃነቀ፣ ከዚያም ሁለንተናው ወደ ፊት ተደፋ። ጡሌ፣ ቤቶቿም ቃሬዛዎቿም፣ በአፋፉ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩትም፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ የነበረው ሰውና በጀርባው የነበረችው ሴት፣ በአንድ ትንፋሽ አዘቅት ገቡ። ገመዶቹ በሳቢዎቹ እጅ ላይ ላሉ፤ አቧራውም በወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ወዲህ ዳር ደረሰና የቆመውን ሁሉ ነጭ አለበሰው። የተሻገሩት ነፍሳት ሃያ ሦስት ነበሩ።

አቧራው በሰከነ ጊዜ ሲምቦ በአያቷ እቅፍ ሳለች አንገቷን ቀና አድርጋ አየችውና «ሃቲ ኮ ኤሳ?» አለችው። የአርባ ዓመት ልማድ እንዲህ ክፉ ነውና የሊቁ አእምሮ በዚያች ሰዓት እንኳ የቃሏን ሥር በግእዝ መካከል ሊፈልግ ተነሣ፤ እርሱም ልማዱን እንደ እባብ ጭንቅላቱን ቀጥቅጦ አስተኛው፣ ወደ ዳምቱም ዞሮ «ምን አለችኝ?» ብሎ ጠየቀ። ዳምቱ ዓይኗን ሳትጠርግ «እናቴ የት ናት ትላለች» አለችው። መምህሩ «ምን ብዬ ልመልስላት?» አላት። «አባቴ፣ ውሸቱን ላስተምርዎ ወይስ እውነቱን?» አለችው። መምህር አምኃ ኢየሱስ ልጅቷን አየ፣ ማዶውንም አየ፣ «እውነቱን አስተምሪኝ» አለ። ዳምቱም ሦስት ቃላት በጆሮው ነገረችው፤ እርሱም ከተማሪ ይልቅ በሚፈራ ድምፅ ለልጅቷ «ሃቲ ኬ ዱቴ» አላት፤ ይኸውም «እናትሽ ሞታለች» ማለት ነው። ልጅቷ ግን የነገሩን ክብደት ገና አላወቀችም፤ የሰማችው የአነጋገሩን ጉድለት ብቻ ነበርና፣ ትልቅ ሰው ሲሳሳት አይታ እንደምትገረም ሕፃን፣ «ዱኡቴ» ብላ የመጀመሪያውን ድምፅ አስረዝማ አረመችው። እርሱም እንዳረመችው አድርጎ ደገመው። ሲምቦ ያን ጊዜ ነገሩ ገባትና አለቀሰች።

በመስከረም ውኃው ሲጎድል ደጃዝማች ድልነሣሁ የሞቱትን በተቻለ መጠን አስፈልጎ አስቀበረ፤ የተረፉትንም በወንዙ ዳር መሬት ከፍሎ አሰፈራቸው። ዳምቱን ከወፍጮ ቤት አውጥቶ «ከእንግዲህ ከማዶ የሚመጣ ነገር ሁሉ በአንቺ አፍ ያልፋል» ብሎ በአስተርጓሚነት ሾማት፤ መኳንንቱም ስለ ሴትነቷ ሊያጕረመርሙ ከጀመሩ በኋላ መምህሩን አይተው ተዉት። እርሱ የትርጓሜ ቤቱን ወንበር ለታላቁ ደቀ መዝሙሩ ለቅቆ፣ ከስደተኞቹ መንደር ዳር ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ከልጅ ልጁ ጋር ተቀመጠ። ሲምቦ አማርኛውን በአንድ ዓመት ጨረሰችው፤ እርሱ ግን አሮጌ ነበርና የእርሷን ልሳን በስምንት ዓመት አልጨረሰውም፤ የስሟን ትርጕም፣ «ሞገስ» መሆኑን፣ ግን ከዳምቱ ጠይቆ ያወቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቹ ጥልቅ ጥያቄ ይዘው በመጡ ቁጥር «ይህን ያለው ማን ነው? የት ቆሞ? ለማን?» ይላቸው ነበር፤ እነርሱም መልስ ፈልገው መጥተው ጥያቄ ይዘው ስለሚመለሱ «መምህሩ አርጅቷል» እያሉ ያዝኑለት ነበር። መዳፉ ከዚያ ወዲያ ብዕር በደንብ አልጨበጠም። በሞቱም ቀን ካህናቱ ብዙ የውዳሴ ቃል በላዩ አደረሱ፤ ዳምቱ ግን ከመቃብሩ ራስጌ ቆማ ለሲምቦ በልሳናቸው አንዲት ነገር ብቻ ነገረቻት፣ እኛም ከእርሷ ተቀብለን ለአንባቢ አደረስናት፦ ያላወቀውን በመጠየቁ የሞተ ሰው አልታየም፣ ያላወቀውን የመለሰ ሰው ባስገደላቸው ግን መቃብሩ ሁሉ ሙሉ ነው።